ማሽኑ ያላነበበው መንቀጥቀጥ

ሐሙስ ነበር። ታላቅ ወንድሜ፣ አያ ነበር የምለው፣ ሐይቅ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር ባለችው ጋራዡ ውስጥ የአንዲት ጥቁር መኪና ኮፈን ከፍቶ ይሠራል። ባለቤቷ እናታቸውን ግሸን ሊያደርሱ ከሩቅ የመጡ ሴት ናቸው። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶባቸው መኪናዋን እኛ ጋ ትተው ሐይቁ ዳር አልጋ ያዙ።

የመኪና ብልሽት የሚያነበውን ማሽን፣ ስካነሩን፣ ሰካሁ። ኮዱ የሞተሩ መቀመጫ ላይ ብልሽት አለ ይላል። የዚህች መኪና ሞተር የተቀመጠበት የጎማ ትራስ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እሱ በተቃራኒው እየተንቀጠቀጠ ያጠፋዋል፤ ውስጥ ያለ ሰው ምንም አይሰማውም። አያ ሶኬቱን ነቅሎ አየው። ዝጓል። ጠርጎ መለሰው። ኮዱን አጠፋሁ፤ በውጫሌ መንገድ ነድተናት ተመለስን። ኮዱ አልተመለሰም።

አያ መኪና ከማስረከቡ በፊት ውሃ ያለበት ብርጭቆ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀምጥና ሞተሩን ያስነሳል። ውሃው ዝም ካለ መኪናዋ ትሄዳለች። ያን ቀንም አስቀመጠ። ውሃው ዝም አለ።

"ይንቀጠቀጣል" አለ።

"ምኑ?"

"መሪው። እጅህን አምጣ።"

ያዝኩት። ምንም የለም። "አያ፣ ማሽኑም ውሃውም የለም እያሉህ ነው።"

"አሥራ ሁለት ዓመት እስክርቢቶ ጨብጠህ እጅህ ደንዝዟል።"

"ያንተ ነው ያረጀው።"

ሳቀ። ሞተሩን አጠፋው። እጁን ግን ከመሪው አላነሳም።

"አሁንም አለ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ግንባሩን አልቦታል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ይበርድ ነበር። አየሁት። ጤና ጣቢያ እንሂድ አላልኩም።

"ነገ አየዋለሁ" ብሎ ጋራዡን ዘጋ።

ሊነጋጋ ሲል ሞተ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፤ ምቱ ተዛብቶ ነበር አለ። የዚያኑ ቀን ቀበርነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጋራዡን ከፈትኩ። ብርጭቆው እንደነበረ ነው። ሞተሩን ሳላስነሳ መሪውን ያዝኩ፣ እሱ የያዘበት ቦታ ላይ። ቆየሁ። ይንቀጠቀጣል። ስካነሩን ሰካሁ፤ ምንም ኮድ የለም። መሪውን ለቀቅኩት። እጄ ላይ ቀጠለ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ውሃው ዝም አለ።

ስልኬ ጠራ። የመኪናዋ ባለቤት ናቸው፤ መሞቱን አልሰሙም።

"መኪናዬ እንዴት ሆነች?"

"ደህና ናት። መጥተው ይውሰዷት።"

"ተባረክ። ታላቅህን አመስግንልኝ።"

"እሺ" አልኩ።

ውሃውን ደጅ ደፋሁት። ቁልፉን ለጎረቤት ትቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ምን እንዳመመኝ ጠየቁኝ። እጄን ዘረጋሁላቸው።