ሟች የሌለበት ሽምግልና

ጌም ቤት ከመክፈቴ በፊት ሽንኩርት ነበር የምነግደው። ሽንኩርት ቶሎ ካልተሸጠ ይበሰብሳል፤ ጌም ግን ሰው ስንት ጊዜ ቢጫወተው አያልቅም፣ ቢያድርም አይሸትም። ይህን አስቤ ነው ሐይቅ ከተማ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሁለት ቴሌቪዥን የደረደርኩት። ለውጥ መጣ የተባለበት፣ የሰው ሁሉ አፍ የተፈታበት ጊዜ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ክርክር፣ ፀጉር ቤት ክርክር። እኔ ቤት ግን ስለ መንግሥት አፉን የሚከፍት አልነበረም። የእኔ ደንበኞች የሚከራከሩት ስለ አንድ ፈረሰኛ ነው።

ጨዋታው የእንግሊዝኛ ስሙ ረጅም ስለሆነ እኛ «መልክተኛው» ነበር የምንለው። አንድ ሰው የታሸገ ደብዳቤ በኮርቻ ከረጢቱ ይዞ፣ ግንባሩ ነጭ በሆነ ፈረስ አገር ለአገር ይሄዳል። ወንዝ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ ብርድ አለ። ጎበዝ ተጫዋች በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። መጨረሻው ላይ መልክተኛው ጉም የዋጠው ድልድይ ላይ ይገባል፤ ድልድዩ ሲሰበር ይሰማል። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ፈረሱ ብቻውን፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ደብዳቤው ከነማኅተሙ በከረጢቱ እንዳለ ብቅ ይላል። ስክሪኑ ይጠቁርና «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

ይቀጥላል ያሉት ሰዎች ግን አልቀጠሉም። ክፍል ሁለት በዚህ ክረምት ይወጣል ይባላል፤ ክረምቱ ራሱ ይወጣል፣ ክፍል ሁለት ግን የለም። ደንበኞቼ እስኪመጣ ድረስ ሥራ ስላልነበራቸው ለሁለት ተከፈሉ፤ ሞቷል የሚሉና አልሞተም የሚሉ። ሞቷል ባዮች በበሩ በኩል ያለውን አግዳሚ ያዙ፣ አልሞተም ባዮች በመስኮቱ በኩል ያለውን። እኔ የማንም ወገን አልነበርኩም። ሞቷል የሚል ሲገባ «ምን ጥርጥር አለው» እላለሁ፤ አልሞተም የሚል ሲገባ «ታዲያስ» እላለሁ። ንግድ እንዲህ ነው።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ የጌሙን ማሽን በፌስታል ጠቅልዬ ገጠር አክስቴ ዘንድ ወሰድኩና ማሽላ ጎታ ውስጥ ቀበርኩት። ቴሌቪዥኖቹን መሸከም አልቻልኩም። ስመለስ እነሱ የሉም፤ አግዳሚዎቹ ግን አሉ፤ ለካ የሚዘርፍም ሰው ይመርጣል። መብራትም የለም። ቤቱን ለባለቤቱ ልመልስ ቁልፍ ስፈልግ ደንበኞቼ አንድ ሁለት እያሉ ገቡና፣ እንደ ድሮው በየወገናቸው ቁጭ ብለው፣ ባዶውን ግድግዳ እያዩ ካቆሙበት ቀጠሉ። ያን ቀን ያልተማርኩት ትምህርት ገባኝ፤ ጌሙ መብራት ይፈልጋል፣ ክርክሩ ግን የሚፈልገው ሻይ ብቻ ነው። በማግሥቱ ሁለት ፔርሙዝ ይዤ መጣሁ።

የሞቷል ባዮች አለቃ አንድ ባጃጅ ነጂ ነበር። የአልሞተም ባዮች አለቃ ደግሞ ከጅዳ ተመልሶ ሞባይል የሚሸጥ ልጅ፤ «ጅዳ» እያልን ነበር የምንጠራው። ሁለቱ ዋና የተማሩት አንድ ቀን፣ አንድ ሐይቅ ውስጥ ነው። አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም ሆነው የሁለቱንም በዓል እኩል ስለሚያከብሩ፣ ሥራ የሚፈቱበት ቀን ከሁላችንም ይበልጣል። በጦርነቱ ጅዳ በሌላ አቅጣጫ ሸሽቶ ከወር በላይ ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ በኋላ እግሩ አብጦ፣ በባዶ ኪሱ፣ በደህና ገባ። ባጃጅ ነጂው ያን ሰሞን ከእሱ በር አልጠፋም። ጅዳም ሊያገባ ሲነሣ ሚዜ ማን እንደሚሆን የጠየቀ የለም።

መብራት ተመልሶ፣ እኔም አንድ ቴሌቪዥን እንደምንም ካስገባሁ በኋላ፣ የክፍል ሁለት ማስታወቂያ ወጣ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። አንድ እጅ ከከረጢቱ ደብዳቤውን ያወጣል፤ ማኅተሙን ይሰብራል፤ አለቀ። የማን እጅ ነው?

«እየው፣ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ። የራሱ እጅ ነው» አለ ጅዳ ስልኩን ዘርግቶ።

«ጠባሳ አይደለም፣ የስልክህ መስታወት ተሰንጥቆ ነው» አለ ባጃጅ ነጂው። «ስልክ እየሸጠ የተሰነጠቀ ስልክ የሚይዝ ሰው ደግሞ አየሁ።»

አምስት ስልክ ተደረደረ። በሦስቱ ጠባሳ አለ፣ በሁለቱ የለም። ቤቱ ተናጋ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ በልቤ ማስታወቂያውን የሠራውን ሰው እመርቃለሁ።

«ወላሂ፣ አንተ ለሰው ሞት ትቸኩላለህ» አለ ጅዳ።

«አንተ ደግሞ ፈረሱን ልኮ ራሱ አመለጠ የምትለው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል» አለ ባጃጅ ነጂው፣ የሚስቅለት ፍለጋ ዞር ብሎ እያየ። «ጥሎ የሚሸሽ ሰው ነገር አንተን ይገባሃል።»

የሳቀ አልነበረም። ያኔ ሽሽት የሚባለው ቃል በዋዛ የሚወረወር አልነበረም። ሁላችንም ሸሽተናል፤ እኔ ራሴ ማሽላ መሃል ተኝቼ አውቃለሁ። ጅዳ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ሠርጌ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሌላ ሚዜ እፈልጋለሁ» ብሎ ወጣ።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ ሙሽራዋ የውጫሌ ልጅ መሆኗን ሳስብ ነው። የውጫሌ ሰው ሠርገኛን በቀላሉ አያስገባም፤ በሩን ይዞ እየዘፈነ፣ እየተከራከረ፣ ሙሽራውን ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። በሩን የሚያስከፍተው የሚዜ አፍ ነው። ባጃጅ ነጂው ትራፊክ ፖሊስ አሳስቆ የሚያልፍ ልጅ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የጅዳ ያጎቱ ልጅ ነበር፤ ያ ደግሞ ሰላምታ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

በሦስተኛው ቀን የጅዳ እናት፣ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጡ ሴት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ስማ አንተ። ልጆቼን ያጣላሃቸው አንተ ነህ።»

«እኔ ምን አደረግሁ፣ እትዬ?»

«ቤት ከፈትክ። የሌለ ሰው ሞተ አልሞተ ስትሉ ያለውን ሰው ሠርግ ልታበላሹት ነው? ሁለቱን አስታርቀህ አምጣልኝ፤ ያለዚያ ሰኞ ገበያ መሃል ቆሜ ስምህን እጠራለሁ።»

እሳቸው ስም ሲጠሩ እስከ ውጫሌ ይሰማል። በዚያው ቀን ወደ አበጋሩ ሄድኩ። አበጋር በእኛ አገር ደም የሚያደርቁ፣ የተጋደለ ወገን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ነው። እሳቸው ከከተማው ወጣ ብለው፣ በአምባሰል በኩል፣ ኮረብታው ሥር ይኖራሉ። ነገሩን እንዳለ ብነግራቸው እንደማይመጡ አውቄያለሁ። ነጋዴ አይዋሽም፤ የዕቃውን ጉድለት የሚናገረው ግን ሲጠየቅ ነው።

«አባቴ፣ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሰው ሞት ተጣልተዋል» አልኩ።

«ደም አለበት?»

«ደሙን ያየ የለም። ጠቡም እሱ ነው።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ እርጥብ ሣር ጨብጠው፣ በእግራቸው መጡ። ከቤቴ ጀርባ ያለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሁለቱ ልጆች ተጠርተው መጥተዋል፤ ደንበኞቼም ማንም ሳይጠራቸው መጥተዋል። ዱዓ ተደረገ፤ ሁሉም አሚን አለ። ከዚያ አበጋሩ፣

«ያጠፋ ወገን በቀኝ፣ የሟች ወገን በግራ ይቀመጥ» አሉ።

የተነቃነቀ የለም። ሁለቱ ልጆች ከተጣሉ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«የሟች ወገን አልመጣም?»

«ሟቹ ዘመድ የለውም፣ አባቴ» አልኩ።

«ዘመድ የሌለው ሰው የለም። አገሩ የት ነው?»

«ቴሌቪዥን ውስጥ» አለ ባጃጅ ነጂው፤ አላስቻለውም።

ጫማዬን አየሁ፣ የመናኸሪያውን አጥር አየሁ፣ ቁመቱንም ገመትኩ። ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ጢም መንቀጥቀጥ ጀመረ። አበጋሩ ግን አልሳቁም።

«እኔ ከንጋት ጀምሮ በእግሬ የመጣሁት ለቴሌቪዥን ሰው ነው?» አሉኝ።

«ሰውየው የሐሰት ነው፣ አባቴ። ጠቡ ግን የእውነት ነው። ሠርግ ሊፈርስበት ነው።»

እኔን ተዉኝና ሁለቱን ልጆች ተመለከቱ። «ይሄ ቀጣፊ አሁን እውነት ተናገረ» አሉ። «ተነሱ። ሟቹን አሳዩኝ።»

ወደ ቤቱ ስንሄድ የጠቡን ነገር፣ የጦርነቱን ሰሞን ጨምሬ፣ ለአበጋሩ በጆሯቸው ከሥሩ ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹ ገብተው በበሩ በኩል ተቀመጡ፤ ሞቷል ባዮች ለራሳቸው የመጣ ኃይል መስሏቸው ደስ አላቸው። የመጨረሻውን ቦታ ከፈትኩላቸው። ጉሙ፣ ድልድዩ፣ ባዶው ኮርቻ። አበጋሩ በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አዩ።

«መልስልኝ።»

መለስኩ።

«አሁንም መልስልኝ። እዚያ ላይ አቁመው።» በጉልምስናቸው ፈረስ ጋላቢ ነበሩ። «ልጓሙን እዩት። አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ታስሯል። የወደቀ ሰው ልጓም አያስርም። ወርዶ፣ አስሮ ነው የለቀቀው።»

በመስኮቱ በኩል ያሉት አግዳሚውን ለቀው ተነሱ። ስንት ዓመት ሙሉ አይተን ይሄን ልጓም ያየው አልነበረም።

«ተቀመጡ። ደግሞ ኮርቻውን እዩ፤ ወደ ግራ ጋድሏል። በፈቃዱ የወረደ ሰው ኮርቻ እንዲህ አያጋድልም። ተጎትቶ ወርዷል።»

በበሩ በኩል ያሉት ተነሱ።

«እንግዲህ» አሉ አበጋሩ፣ «ይሄን የሳለው ሰው ፈረስ ያውቅ አያውቅ እኔ በምን አውቄ?»

ሁሉም ተቀመጠ።

«ጀናዛው ያልታየ ሰው ሚስቱ አትዳርም፣ ከብቱም አይከፈልም። ይጠበቃል። ይሄንንም ክፍል ሁለት የምትሉት እስኪመጣ ጠብቁት። እስከዚያው ግን አንዱ በሌለበት ሌላው ስለዚህ ሰው እንዳያወራ። ሐሜት ነው።» ከዚያ ወደ ባጃጅ ነጂው ዞሩ። «አንተ፣ ይሄ ወንድምህ የጠፋ ጊዜ ሞተ የሚል ወሬ መጥቶ ለቀስተኛ ሲሰበሰብ፣ እናቱ በር ላይ ቆመህ ሬሳ ሳላይ ማንም አያለቅስም ብለህ ሰዉን የመለስክ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ አባቴ።»

«ያኔ ሬሳ የጠየቅህ ሰው፣ ለዚህ ምነው ቸኮልክ?»

«ያ ወንድሜ ነው። ይሄ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ መሆኑን ካወቅህ፣ ወንድምህን ለጨዋታ ብለህ ሸሺ ለምን አልከው?»

ጅዳ ባጃጅ ነጂው የእናቱን በር እንዴት እንደያዘለት አያውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረውም። ቀና ብሎ ጓደኛውን አየው።

«አንተስ» አሉት ጅዳን፣ «ሌላ ሚዜ አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«ፈልገሃል?»

«አልፈለግሁም።»

«ተነሱና ተሳሳሙ። እኔን መልሱኝ፤ በባጃጅ ነው የምሄደው፣ እግሬ ደክሟል።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለእኔ ሠርግ ነበሩ። አንዱ በሌለበት ማውራት ስለተከለከለ፣ አንዱ ክርክር ባማረው ቁጥር ሌላውን ከተማው ውስጥ እያሠሰ ያመጣዋል። ባጃጁ ተሳፋሪ እንደያዘ ደጃፌ ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪውም ወርዶ ሻይ ይጠጣል፤ አንዳንዱ ወገን ይዞ ቀረ።

የሠርጉ ቀን በአምስት ባጃጅና በአንድ ሚኒባስ ውጫሌ ገባን። አበጋሩም አብረውን ነበሩ። የሙሽራዋ ሰዎች እንደተፈራው በሩን ያዙ። ሴቶቹ ዘፈኑ፣ ባጃጅ ነጂው መለሰ፤ አክስቶቿ ተሳደቡ፣ እሱ አሞገሳቸው፤ ግማሹ በር ተሸነፈ። ያን ጊዜ የሙሽራዋ ሁለት ወንድሞች ሴቶቹን አልፈው ወጡና ክንዳቸውን አጣምረው ቆሙ። ለካ ውጫሌም ጌም ቤት አለ። ለካ የዚያ ቤት ሰው በሙሉ አልሞተም ባይ ነው።

«አንተ ነህ አሉ የሞቷል ባዮቹ አለቃ» አለ ታላቁ። «እህታችንን እንውሰድ ካላችሁ በሰው ፊት ተናገር። መልክተኛው ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

የስንት ዓመት ክርክር ነው። ባጃጅ ነጂው በላብ የራሰ ክራቫቱን ነካ አደረገ። ዞሮ ሙሽራውን አየው፤ ጅዳ በነጭ ልብሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጥርሱን ነክሶ ሳቁን ይዟል። ከኋላ ሞቷል ባዮቹ «አልሞተም እንዳትል» ይሉታል። አበጋሩ በትራቸውን ተደግፈው የሚለውን ይጠብቃሉ።

«ለዛሬ ይኑር» አለ።

በሩ ተከፈተ። የእኛዎቹ ሞቷል ባዮች «ሸጠን» እያሉ አጉረመረሙ፤ ድግሱ ግን ከውስጥ ነበርና እነሱም ተከትለው ገቡ።