አንድ ድስት ለገና

ጋሌቦዌ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአራት መቶ ተማሪ ምሳ ስታበስል ኖራለች። ካንዬ በምትባል ከተማ፣ ከኮረብታው ሥር ባለው ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ሁሉ በእሷ ጭልፋ ያደገ ነው። ዛሬ ፖሊስ የሆነውም፣ ነርስ የሆነችውም መንገድ ላይ ሲያገኟት «ማ-ጾሎ፣ ያ ባቄላሽ ናፈቀን» ይሏታል፤ እንደ ወጉ በልጇ በጾሎ ስም ነው የሚጠሯት። እንግዲህ ይህች አራት መቶ ሆድ በሁለት ድስት የምታጠግብ ሴት፣ ሠላሳ ዘመድ ለገና ልትጋብዝ ነው ሲባል እንቅልፍ አጣች ብላችሁ አታምኑኝም። ግን አጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተሰቡ ገና ሁልጊዜ የሚከበረው በእናቷ ግቢ፣ ከሞሩላው ዛፍ ሥር ነበር። እናትየዋ በሚያዝያ አረፉ። አፈሩ ሳይደርቅ ወሬ ተጀመረ፤ ጀማሪዋም የወንድሟ የሞዲሴ ሚስት ኔሎ ነበረች። ኔሎ ጋቦሮኔ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሁሉም ነገር እንዲያምርላት ትወዳለች እንጂ። «ከእንግዲህ እኛ ቤት ይሁን። ምግቡን አብሳዮች ያመጡታል፣ ግቢው ይዘጋ፣ ማ-ጾሎም ትረፍ» አለች። ጋሌቦዌ የምትኖረው ትምህርት ቤቱ በሰጣት ቤት ስለሆነ ግቢው ባዶውን ነው የቀረው። ሰው የማይሰበሰብበት ግቢ ደግሞ መጨረሻው ይታወቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት ሣር፣ በሁለተኛው እባብ፣ በሦስተኛው ገዢ ይገባበታል። ጋሌቦዌን እንቅልፍ ያሳጣት ይሄ ነው።

ነገር የሚቆርጡት የእናትየዋ ወንድም፣ አጎት ሴባኮ ናቸው። የእናት ወንድም ሳይናገር ምን ነገር ያልቃል? እሳቸውም ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሁሉን ከሰሙ በኋላ፣ «ዘንድሮ በእናቷ ግቢ ጋሌቦዌ ትሞክረው። በልተን ስንጨርስ እናገራለሁ» አሉና ተነሱ።

በኅዳር ኔሎ በቤተሰቡ ዋትሳፕ ላይ የምግብ ዝርዝር ለጠፈች። ቀዩ ቀይ ሥር፣ ቢጫው ዱባ፣ አረንጓዴው ቆስጣ፣ ነጩ የድንች ሰላጣ፣ ብርቱካናማው ካሮት፣ ሩዝ፣ በማዮኔዝ የተለወሰ ጥቅል ጎመን፣ በዚያ ላይ ዶሮ፣ በዚያ ላይ ሥጋ። «ሰባት ቀለም የሌለው ሣህን የገና ሣህን አይባልም» ብላ ሦስት የሳቅ ምልክት ጨመረችበት። እውነትም እናትየዋ በየዓመቱ የሚሠሩት እንደዚያው ነበር፤ እንዲያውም ይበዛ ነበር። ጋሌቦዌ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ድንች ማን ይልጣል? ካሮት ማን ይፍቃል? ማዮኔዙ በዚህ በታኅሣሥ ሙቀት የት ይቀመጣል? አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ትዝ ያላት ፎቶው ነው። እናታቸው የሞቱ ጊዜ ለቀብሩ መርሐ ግብር ፈገግ ያሉበት ፎቶ ተፈልጎ ነበር። የሠላሳ ዓመት የገና ፎቶ አልጋው ላይ ዘረገፉ። ሁሉም ሰው ከሞሩላው ሥር አለ፤ ሰካራሙ ጎረቤት አለ፣ የሞተው ውሻ እንኳ አለ። እማማ የሉም። አንዱ ፎቶ ላይ ብቻ፣ ከኋላ፣ በማድቤቱ መስኮት አንድ ክርንና አንድ ጭልፋ ይታያል። ጋሌቦዌ ያን ክርን ሳመችው። በመጨረሻ ለመርሐ ግብሩ የታተመው የመታወቂያቸው ፎቶ ነበር።

ወረቀቱን ቀደደችና ስልኳን አነሳች። «ሴስዋ፣ የማሽላ ገንፎ፣ የዱር ጎመን፣ የዝንጅብል መጠጥ። አለቀ» ብላ ጻፈች።

ኔሎ ወዲያው ደወለች። «ማ-ጾሎ፣ ገና ነው ወይስ የትምህርት ቤት ምሳ?»

«የትምህርት ቤት ምሳ ቢሆንማ ተሰልፈሽ ነበር የምትበዪው።»

«እኔ ለአንቺው ብዬ ነው። አጎቴ በልተው ነው የሚፈርዱት። አንድ ድስት ብቻ ሲያዩ ምን ይላሉ?»

«አንድ ድስት ይላሉ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። አፏ ደፈረ እንጂ ልቧ አልደፈረም። ግን ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ በምግቧ ራሷ ካፈረች ማን ያከብርላታል?

ከዚያ በኋላ የመጣባት ደስታ ለራሷም ገረማት። ሴስዋ ማለት ሥጋ ከነአጥንቱ በውኃና በጨው ብቻ ለሰዓታት ተቀቅሎ ሲልም የሚወቀጥ ነው፤ እሱም የወንዶች ሥራ ነው። ገንፎውን በየቀኑ ታገነፋዋለች። ጎመኑን ከዝናቡ በኋላ ከአጥር ሥር ለቅማ አድርቃዋለች። የቀራት ዝንጅብሉ ብቻ ነበር፤ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድማ ወቅጣ፣ በትልቅ ባልዲ ከስኳርና ከዘቢብ ጋር ዘፍዝፋ፣ በጨርቅ ሸፈነችው። ከዚያ ሥራ ፈታች። በበዓል ዋዜማ ሥራ መፍታት ምን እንደሚመስል አታውቅምና የእናቷን ግቢ ሁለት ጊዜ ጠረገችው፣ አዲሱን ሰማያዊ ቀሚሷን ሦስት ጊዜ ለካችው፣ ለዶሮዎቹ ሳይቀር ዘፈነችላቸው።

የገና ዕለት ጎህ ሲቀድ፣ በዋዜማው ማታ የመጣው ሞዲሴ ባለሦስት እግሩን የብረት ድስት እሳት ላይ ጣደ። ጋሌቦዌ የጨውን ከረጢት ከጎኑ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችለትና «ሥጋው የእናንተ ነው። እኔ ዛሬ እንግዳ ነኝ» አለችው። ሞዲሴ እያዛጋ ጨው በተነ። እሷም ወንበር ይዛ ከሞሩላው ሥር ሄዳ ተቀመጠች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት፤ መጀመሪያ ከጭኗ ሥር ወሸቀቻቸው፣ ቀጥሎ አጣጠፈቻቸው።

ሦስት ሰዓት ሲል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ከዚያማ ማን ያቆማቸዋል? ከሎባትሴ አንድ መኪና ሙሉ የአክስት ልጅ፣ ማዕድን ማውጫ ከሚሠሩት ዘመዶች ሌላ መኪና፣ ከጋቦሮኔ ኔሎ በከፍተኛ ተረከዝ ጫማዋ። አክስቶች ከበሩ ጀምረው እልል ይላሉ፤ ሕፃናት አዲስ ጫማቸውን አቧራ እንዳይነካው በተረከዛቸው ይሄዳሉ፤ አንዱ ድምፅ ማጉያ አውጥቶ ጭፈራው ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጀመረ። ጋሌቦዌ ሁሉንም አቀፈች። ደግሞ ወሬው! ስንት ዓመት በመስኮት ግማሽ ግማሹን ስትሰማው የኖረችውን ወሬ ዛሬ ከነጭራው ሰማችው። የአጎቷ ልጅ አህያ ሊገዛ ሄዶ የራሱን አህያ መልሶ የገዛበትን ታሪክ፣ ሁሌ ሳቁን ብቻ እንጂ ምክንያቱን አታውቀውም ነበር። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

አጎት ሴባኮ አምስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ግቢውን ዙሪያውን አዩት፣ ድስቱን አዩት፣ ማድቤቱን አዩት። የማድቤቱ መስኮት ባዶ ነበር። ከዚያ ከጋሌቦዌ አጠገብ ተቀመጡ።

ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ ይላሉ ወንዶች። ወንድ ሲበዛስ? የሆነውን ልንገራችሁ። ሴስዋ ጨው የሚገባበት አንዴ ነው። ሞዲሴ ሲነጋ ጨመረ። ከሎባትሴ የመጣው የአክስት ልጅ ክዳኑን ከፈተና፣ እሱ በሌለበት ድስት ጨው አይኖረውም ብሎ የሚያምን ሰው ነው፣ አንድ እፍኝ ጨመረ። የማዕድን ማውጫው ዘመድ ደግሞ እሱን ተከትሎ ሌላ እፍኝ። አጥር ተደግፎ ሰላም ሊል የመጣው ጎረቤት ሳይቀር አንድ ቁንጥር ጣለ። በየዓመቱም እንደዚሁ ይሞክራሉ። ልዩነቱ፣ በየዓመቱ እጃቸው ወደ ከረጢቱ ሲሄድ ከመስኮቱ አንድ ድምፅ «ገብቷል! እጅህን ሰብስብ!» ይል ነበር። ያ ድምፅ ከምግቡ ሥራ አንዱ መሆኑን ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

ሰባት ሰዓት ላይ ሞዲሴ አጥንቱን አውጥቶ፣ መውቀጫውን አንስቶ፣ ከመውቀጡ በፊት ቀመሰ። ፊቱ ጭምድድ አለ። ወደ እህቱ መጥቶ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለና «ባሕር ሆኗል» አላት።

ጋሌቦዌ ዓይኗን በግቢው ላይ አዞረች። ሠላሳ ሰው፣ አንድ ድስት፣ አጎቷ ከጎኗ። ለመተኪያ የሚሆን ሌላ ምግብ የለም። ራሷ ነች እንዳይኖር ያደረገችው።

ኔሎ ፊቷን አይታ ገባት። ቀረብ ብላ፣ ሳትቀልድ፣ «መኪናው እዚሁ ነው። ወርጄ የተጠበሰ ዶሮ ላምጣ? ማንም ምንም አይልም» አለቻት።

ይሄው አለቀ አለች ጋሌቦዌ በልቧ። የተገዛ ዶሮ እዚህ ግቢ ከገባ፣ የዛሬ ዓመት ሰዉ ወደ ዶሮው ይሄዳል እንጂ ዶሮው ወደ ሰዉ አይመጣም። ቀሚሷን ሰብስባ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አሉ አጎት ሴባኮ።

«ማድቤት፣ አጎቴ። ሥጋው ጨው በዝቶበታል።»

«ሰማሁ። ቁጭ በይ።»

«አጎቴ፣ እኔ ካልገባሁ…»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። እህቴን አርባ ዓመት በጀርባዋ ነው የማውቃት። እዚሁ ተቀምጠሽ ምን እንደሚደረግ ንገሪያቸው። አራት መቶ ልጅ ስታበዪ ድንች የሚልጥልሽ ማን ነበር፣ እኔ ነኝ?»

ተቀመጠች። እና አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ያጋጠማት ትዝ አላት፤ አዲሷ ረዳት ባቄላው ላይ ሁለቴ ጨው ጨምራ አራት መቶ ሣህን በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ያን ቀን ማን አለቀሰ? ማንም።

«ሞዲሴ፣ መረቁን በሙሉ ወደ ባልዲ ገልብጥ፣ እንዳትደፋው። የፈላ ውኃ ጨምርበት፣ ሩብ ሰዓት ይንተክተክ፣ ደግሞ ገልብጥ። ሁለቴ። ጎመኑ ጨው አይነካውም፤ ከዚያው መረቅ አንድ ጭልፋ ይበቃዋል። ገንፎው ጨው የሚባል እንዳያይ። ኔሎ፣ ገንፎው የአንቺ ነው።»

«የእኔ?» ኔሎ ጫማዋን ተመለከተች።

«አውልቂው። ገንፎ ተረከዝ አይፈልግም፣ ክንድ ነው የሚፈልገው።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ኔሎ ጫማዋን አውልቃ ለባሏ አሸከመችውና በባዶ እግሯ ወደ ድስቱ ሄደች። መጀመሪያ ጓጎለባት። አክስቶቹ «ባንኩ ገንዘቡን እንዲህ ነው የሚያማስለው?» እያሉ ተረቧት። እሷም ማማሰያውን በሁለት እጇ ያዘችና «ዝም ብላችሁ ጠጡ» አለቻቸው። የዝንጅብሉ ባልዲ ወጣ፤ ቀዝቃዛና የሚያቃጥል ነበር፣ ሁለተኛ ያልጠየቀ አልነበረም። ሙዚቃው ከፍ አለ። ሥጋው እስኪደርስ አንድ ሰዓት ሙሉ የጨፈሩት ጭፈራ፣ በሠላሳ ዓመት ታይቶ አይታወቅም ይላሉ እስከ ዛሬ። ሰባት ዓይነት ምግብ ቢቀርብ ኖሮ ሆዱን ይዞ ተኝቶ የሚያንኮራፋው ሁሉ ራቡ አቅልሎት ዘለለ። አጎት ሴባኮ እንኳ ተቀምጠው ትከሻቸውን አንቀጠቀጡ።

ከዚያ ሥጋው ተወቀጠ። ወንዶቹ ተራ በተራ ወቀጡ፤ እያንዳንዱ መጀመሪያ እጁ ባዶ መሆኑን ለጋሌቦዌ እያሳየ። የመጀመሪያው ሣህን ለአጎት ሴባኮ ሄደ፤ ሥጋው፣ ጥቁር ቀይ ገንፎው፣ ጎመኑ። ሦስት ቀለም ብቻ። ሙዚቃው ተዘጋ። ጋሌቦዌ ከፊታቸው ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

አንዴ ጎረሱ። አላመጡ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሽማግሌ ሲያላምጥ እንዲህ ይረዝማል? ሥጋው አሁንም ጨው በዛ ያለበት ነበር፣ አይዋሽም፤ ግን ከአልጫው ገንፎ ጋር ሲዋሃድ ልክ ነበር። ሣህኑን አጽድተው «ድገሙኝ» አሉ።

ሁለተኛውንም ጨርሰው እጃቸውን ጠራረጉና «ያ የጨው ከረጢት የታለ?» አሉ። ሞዲሴ እያፈረ አመጣው። አፉን በክር ጥብቅ አድርገው አሰሩና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።

«የዛሬ ዓመት ጨው የሚወጣው ከዚህ ኪስ ነው። እኔ ሳልደርስ ድስቱን የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ይነጋገራል።»

ቀድማ የጠየቀችው ኔሎ ነበረች፤ ክንዷ ድረስ ገንፎ ተለቅልቃ፣ በባዶ እግሯ ቆማለች። «እዚሁ ነው ማለት ነው፣ አጎቴ?»

«ታዲያ ጨው ተሸክሜ ጋቦሮኔ ምን ልሠራ?»

እልልታው ኮረብታውን ዞሮ መጣ። የጋሌቦዌ ልጅ ጾሎ ስልኳን ይዛ ወንበር ላይ ወጥታ «ሁላችሁም ወደዚህ እዩ!» አለች። ጋሌቦዌ እንደ ልማዷ ወደ ማድቤት ልትነሳ ጉልበቷን ያዝ ስታደርግ፣ አጎቷ ክንዷን ያዟት። አልተነሳችም። ሣህኗን ዘረጋች፤ ገንፎውን የጨመረችላት ኔሎ ነበረች።