የአድማሴ ጓጉንቸር

አድማሴ ማተቡ ላይ፣ ከመስቀሉ ጎን፣ አንዲት ቁልፍ አንጠልጥሏል። ቁልፏ የቤቱም የሱቁም አይደለችም። እሱ ራሱ የሠራቸው የእህል መውቂያ ማሽኖች ሆድ ዕቃ የሚከፈትባት ናት።

አድማሴ የመካነ ሰላም በያጅ ነው። ከሩቅ የሚመጣው መውቂያ በመኪና ስለሚጎተት ደጋው ላይ እንደማይወጣ አየና፣ ለሁለት ተፈትቶ በሁለት በቅሎ የሚጫን ማሽን ሠራ። በውሃ መሳቢያ ሞተር ይሠራል፤ ገብሱንም ባቄላውንም ይወቃል። ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ችግሩ እሱም ይህንን ማወቁ ነው። "አንዴ ካዩብኝ በዓመቱ ሁሉም ይሠራዋል፤ ከዚያ እኔን ማን ያስታውሰኛል?" አለና የማሽኑን ጎን በላሜራ ሣጥን ዘጋው፤ ጓጉንቸርም አንጠለጠለበት። ስምንት ማሽን ሸጠ፤ ስምንቱንም ጓጉንቸር የምትከፍተው ያቺው የአንገቱ ቁልፍ ብቻ ናት።

ማሽኑ አንድ ክፉ አመል አለው፤ ጭነት ሲበዛበት ውስጡ ያለው ካቴና ይወልቃል። ያኔ ገበሬው ይደውላል። አድማሴ መንገዱ እስከፈቀደ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ይደርሳል። "ወዲያ ዙሩ!" ይላል። ደቦው ጀርባውን ሲሰጥ ጋቢውን ከነማሽኑ ይከናነብና ውስጥ ሆኖ ያንኳኳል፣ ያስላል፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ያቃስታል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ላቡን እየጠረገ ብቅ ይላል። ሚስቱ አልታዬ "ሊጥ እንኳ እንዳንተ ማሽን አይሸፈንም" እያለች ትስቅበታለች።

አምና ታኅሣሥ ላይ ያለ ወቅቱ ደመና መጣ። ሁሉም ሳይዘንብ ለመውቃት ተጣደፈ። ማክሰኞ ጧት የአድማሴ ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ መጀመሪያ ከከላላ፣ ቀጥሎ ከአቀስታ በላይ ካለው ደጋ። ሁለተኛው ደዋይ ይሄነው ነው፣ የአልታዬ ወንድም። የዓመት ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሯል፤ ካቴናው ወልቋል፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ቁልፏ አንዲት፣ አንገቱም አንድ። አድማሴ ቀድሞ ወደ ደወለው ወደ ከላላ ሄደ። "ለይሄነው ነገ እደርስለታለሁ" አለ።

አልታዬ ሰማዩን አየች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ወደ ፈይዛ ሱቅ ገባች። ፈይዛ ከጂዳ ተመልሳ፣ ብየዳ ተምራ፣ ከአድማሴ ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተች ናት። አድማሴ ሰላምታ አይነሳትም፤ እሷ ብቅ ባለች ቁጥር ግን በሩን ገርበብ ያደርጋል። "የብረት መጋዝሽን ያዢና ነይ" አለቻት አልታዬ።

አድማሴ ረቡዕ ከቀትር በኋላ በዝናብ ርሶ ይሄነው ዘንድ ደረሰ። አውድማው ባዶ ነው፤ ማሽኑ ሸራ ለብሷል፤ ጓጉንቸሩ ተቆርጦ ጭቃ ላይ ወድቋል።

"ማን ነው የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለች ፈይዛ ከደጃፉ። "አይቆጡኝ፤ ወላሂ መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ልጠግነው ሞክሬ ነበር።"

ገብሱ በጆንያ ሆኖ ቤት ውስጥ መደርደሩን ያየው ከዚህ በኋላ ነው። ከገብሱ በፊት ጓጉንቸሩን ማየቱ አሳፈረው።

"በቃ፣ አየሽው" አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

"የብስክሌት ካቴና ነው፣ ጋሼ።"

"እኛማ ካወቅን ቆየን" አለ ይሄነው። "ሲዞር ድምፁ ይናገራል እኮ። ፊታችንን የምናዞረው አንቱን ላለማሳፈር ነው።"

አድማሴ ሸራውን ገልጦ ወደ ሣጥኑ አጎነበሰ። ካቴናው ላይ እሱ ያልሠራው አንድ ትንሽ ነገር ተቀምጧል።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?"

ፈይዛ ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደችና ሣጥኑ ላይ ጣለችበት። "ወዲያ ይዙሩ!"

አልታዬ ሳቋ አመለጣት። ይሄነውም ተከተላት። በመጨረሻ አድማሴ ራሱ፣ ሳይወድ በግድ፣ ሳቀ። ያኔ ፈይዛ ሻርፑን አነሳችለት። ከአሮጌ በር የተነቀለ ሞላ ነው፤ ካቴናው በላላ ቁጥር ይወጥረዋል። እሱን ካስገባች ወዲህ አንዴም አልወለቀም። አድማሴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ብዙ አየው።

"ይህን እኔ አላሰብኩትም" አለ። ይህችን ለማለት የከላላን ዳገት ከመውጣት የበለጠ ደክሞታል።

በማግስቱ የቀሩትን ሰባት ጓጉንቸሮች ለመፍታት ጉዞ ጀመረ፤ የፈይዛን ሞላ በየደረሰበት ገጠመ፤ አሠራሩን ለጠየቀው ሁሉ አሳየ። ዘንድሮ መካነ ሰላም ውስጥ ብቻ ሦስት ሱቆች፣ የፈይዛን ጨምሮ፣ መውቂያ ይሠራሉ። የከላላው በያጅ የጤፍ ወንፊት ጨመረበት፤ የአቀስታው ደግሞ አቅልሎት በአንድ በቅሎ የሚጫን አደረገው።

ባለፈው የገበያ ቀን ሁለት የማያውቃቸው ገበሬዎች እየተከራከሩ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

"አንቱ በያጅ ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱን" አለው አንዱ። "አድማሴ ልንገዛ ነበር የመጣነው። የአቀስታው አድማሴ ነው የሚሻል፣ የፈይዛው?"

አድማሴ ምንም የማትከፍተውን ቁልፉን ነካ ነካ አደረገና "የፈይዛው" አላቸው።