አንድም ብረት እንዳይቀር

የእንጨት ኮላ ሲሸተኝ መዳፌ ያልበዋል። ትናንት ባጃጁ አናጺ ቤቱ በር ላይ ሲቆም፣ የአዳማ ነፋስ የመጋዝ ብናኙን ከኮላው ሽታ ጋር አምጥቶ ፊታችን ላይ ሲያራግፈው፣ ክንድሽን ጨምድጄ የያዝኩት ለዚያ ነው። «ምን ሆንሽ?» አልሽኝ፤ «ምንም» አልኩሽ። ውሸቴን ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቴ በዚያ ሽታ መሃል ቆሜ የፈራሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ አንቺን ስወልድ እንኳ።

ያኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ባስ ጊታር እጫወታለሁ። አንድ ባስ ብቻ ነበር ያለን፣ እሱም የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረት። ቤት ወስጄ እንድለማመድበት ለእኔ በአደራ የተሰጠኝ ከሌሎቹ በልጬ እንዳይመስልሽ። «እሷ ዕቃ አትሰብርም፤ ጥላዋን የምትፈራ ልጅ ናት» ብለው ሲስቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከእኛ ጋር አንዲት አሮጊት ይዘምሩ ነበር። እማማ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በወንጂ ሸንኮራ እርሻ ላይ የጨረሱ፣ ቅዳሜና እሁድ በሚኒባስ የሚመጡ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሴት ነበሩ። መዝሙራቸው የራሳቸው ነው፣ በኦሮምኛ። ሲዘምሩ ድምፃቸው ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ዘሎ አይሄድም፤ እየተንሸራተተ ይሄድና መሃል ላይ ደስ ያለው ቦታ አረፍ ይላል። ያ መሃል ቦታ አንጀቴን ያላውሰው ነበር። ችግሩ፣ ያ ቦታ ኪቦርዱ ላይ የለም። የእኔም ጊታር ላይ የለም። አንገቱ ላይ በተርታ የተቀበሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬት የምንላቸው፣ ድምፁን እየቆራረጡ አንዱን ከአንዱ ይለዩታል፤ ጣትሽ በሁለቱ መካከል የትም ብታርፍ የሚወጣው ያው አንድ ድምፅ ነው።

የመዘምራኑ መሪ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው እሱ ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ጆሮው ግን ስህተት አይችልም። እማማ ወጣ ሲሉበት ሁለት እጆቹን ከኪቦርዱ አንስቶ አየር ላይ ይዟቸው ይቀመጣል። ከክልሉ ከተሞች እንግዶች የሚመጡበት ኮንፈረንስ ሳምንት ሲቀረው፣ ከቅዳሜ ልምምድ በኋላ ለብቻዬ ጠራኝ።

«እህቴ፣ ለእማማ የመጨረሻ ዕድል ነው የምንሰጣቸው። እንግዳ ፊት ከኪይ፣ ከመዝሙሩ ቅኝት ከወጡ፣ ከእንግዲህ እንደ ምዕመን ቁጭ ብለው ይባረኩ።»

«ለእሳቸው ነግረሃቸዋል?»

«አንቺ ንገሪያቸው። አንቺን ይወዱሻል።»

አልነገርኳቸውም። ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋቸውና ኮንፈረንሱ ላይ ስለሚለብሱት ቀሚስ ሲያወሩልኝ «ያምርብዎታል» አልኩ። ቤት ስገባ እንባዬ መጣ።

ያን ሰሞን ስልኬ ላይ ፍሬት የሌለው ባስ የሚጫወት ሰው አይቼ ነበር። አንገቱ ልሙጥ ነው። ጣቱ ሲንሸራተት ድምፁ ልክ እንደ እማማ ይሄዳል። አዲስ አበባ ያለ የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭ ጋ ደውዬ ዋጋውን ብጠይቀው፣ የጠራልኝን ብር እኔ በስፌት የማገኘው ፀጉሬ ሲሸብት ነው። ቀጥሎ ደግሞ አንዱ ፈረንጅ ተራ ጊታር ላይ ያሉትን ብረቶች ነቅሎ ልሙጥ ሲያደርገው አየሁ። በአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ጨረሰው። እኔ ሞኟ ሥራውም አሥር ደቂቃ መሰለኝ።

ለምን አላስፈቀድሽም ትይኝ ይሆናል። ፈሪ ሰው መች ያስፈቅዳል! ፈሪ ሰው ተደብቆ ነው የሚያደርገው። ሰኞ ከሥራ ስመለስ በአባቴ ፒንሳ የመጀመሪያውን ብረት ያዝኩና ነቀልኩ። ብረቱ የእንጨት ስንጣሪ ይዞ ወጣ። ጥርስ ከነድዱ የነቀልኩ ያህል ዘገነነኝ። ጊታሩን በጋቢ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገባሁት፣ ማክሰኞ ሙሉ ቀን ማሽኔ ላይ ሆኜ ስለ እሱ ሳስብ የሸሚዝ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። አሁን ተጀምሯል፤ መመለስ የለም። ረቡዕ ወደ አናጺው ወሰድኩት።

አናጺው አልጋና በር የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። በሥራቸው ቀልድ የማያውቁ። ጋቢውን ስገልጥላቸው ጊታሩን እንደ ሕፃን ተቀበሉኝ።

«ምን ላድርግልሽ ልጄ?»

ፍሬት ብላቸው አያውቁትም ብዬ፣ «ጋሼ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ብረት ያውጡልኝ፤ ቀዳዳውን በእንጨት ይድፈኑና ልሙጥ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«በሙሉ?»

«በሙሉ። አንድም ብረት እንዳይቀር።»

ይችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ለብቻዬ ደግሜያታለሁ መሰለሽ። አንድም ብረት እንዳይቀር። ሰው እንዴት በገዛ አፉ እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል?

ዓርብ ከሰዓት ስሄድ ጊታሩ ጠረጴዛቸው ላይ ተጋድሟል። መላጊያ የሳመው፣ በብርጭቆ ወረቀት የታሸ፣ ቫርኒሽ የጠጣ አንገት ነው። በእጄ ዳበስኩት፤ ልሙጥ። ደስታዬ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ሽማግሌው ጋዜጣ ዘረጉና ብረቶቼን ማስረከብ ጀመሩ፤ ቀጫጭኖቹን አንድ ባንድ ደረደሩልኝ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ረጅም ዘንግ አወጡ።

«ይኸኛው ተደብቆ ነበር» አሉ ኩራት ባዘለ ድምፅ። «በአንገቱ ሆድ ውስጥ። ከጀርባው ፈልፍዬ አወጣሁልሽ፤ ቦታውን በዋንዛ ሞላሁት። አንድም እንዳይቀር ብለሽኝ የለ?»

ያ ዘንግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ክሮቹ ሲወጠሩ አንገቱን ወደ ፊት ይጎትቱታል፤ ተቃውሞ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ዘንጉ ነው። ፈረንጁ ቪዲዮው ላይ ይህን እንዳትነኩ ብሎ ጣቱን አወዛውዞበታል። የኮላው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሽማግሌው ፊቴን ሲያዩ ግራ ገባቸው፣ «አበላሸሁ እንዴ?» አሉ። ምን ልበላቸው? የታዘዙትን ሠርተው፣ ከታዘዙት በላይም ተጨንቀው። «አይ ጋሼ፣ በጣም ያምራል» አልኩና ጊታሩንም ብረቱንም ታቅፌ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁና ክሮቹን መወጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ሦስተኛው ክር ላይ ስደርስ አንገቱ ውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ አሮጌ አልጋ ላይ ሰው ሲገላበጥ እንደሚሰማው ዓይነት። ትንፋሼን ውጬ ክሮቹን አላላሁ፣ ትንሽ ጠበቅ፣ እንደገና ላላ። በመጨረሻ ከትክክለኛው ቅኝት በጣም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ድምፁ ቆመ። እዚያ ላይ ተውኩት። ኖታዎቹ የት እንዳሉ እንዳይጠፋኝ የአንገቱ ጎን ላይ በልብስ ሰፊ ሳሙና ጭረት ጭረት አደረግሁ። ለቅዳሜ ልምምድ «አሞኛል» ብዬ ለመሪው ጻፍኩለት። «ጌታ ይፈውስሽ፤ እየጸለይንልሽ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ያ ጸሎት የባሰ አስፈራኝ።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከሞጆ፣ ከቡልቡላ፣ ከየት ከየት የመጡ እንግዶች፤ የቆርቆሮው ሙቀት፣ የአዲስ ልብስና የሽቶ ሽታ። ጊታሩን ደረቴ ላይ ለጥፌ አንገቱን ከመሪው ዓይን አዞርኩ። በሁለቱ የኅብረት መዝሙሮች ድምፁን ዘግቼ እጄን ብቻ አንቀሳቀስኩ። የተጫወትኩ የመሰላቸው ሁሉ አጨበጨቡ። ከዚያ እማማ ወጡ። የነገሩኝን ቀሚስ ለብሰዋል። ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙ።

መሪው መግቢያውን ተጫወተ። እማማ ጀመሩ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፃቸው ከኪቦርዱ ሥር ተንሸራትቶ ወጣ። አየሁት፤ እጆቹን አነሳ። አዳራሹ ውስጥ የእሳቸው ድምፅ ብቻውን ቀረ። ከፊት የተቀመጠች እንግዳ አንገቷን ደፋች። አሁን ካልገባሁ እማማ አለቁ፤ ከገባሁ ደግሞ እኔ አለቅኩ። ድምፁን ከፈትኩና ጣቴን ክሩ ላይ አሳረፍኩ።

የመጀመሪያዋ ኖታ ልክ አልነበረችም። ጣቴን ትንሽ ገፋሁት፣ አገኘኋቸው። ብረት የለም፣ የሚያቆመኝ የለም። እማማ ሲንሸራተቱ ተንሸራተትኩ፣ ሲያርፉ አረፍኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ አንገቱ በእጄ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጎብጥ ይሰማኛል። በየደቂቃው አሁን ተሰበረ እላለሁ። ሰው ግን ጸጥ ብሏል። ያቺ አንገቷን የደፋች ሴት ቀና ብላ እያለቀሰች ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ እንግዶቹ ቆመው እልል አሉ።

ጉዴን ያገኘው መሪው ራሱ ነው። ከአምልኮ በኋላ እያቀፈኝ ጊታሩን ቦርሳ ውስጥ ሊከትልኝ ተቀበለኝ። አውራ ጣቱ አንገቱ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። «ፍሬቶቹስ?» አለኝ። አንገቱ እስከዚያ እንደ ማጭድ ጎብጧል።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ማክሰኞ ተሰብስበው ለስድስት ወር ከአገልግሎት አገዱኝ። የታገደ ሰው የኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሕግ ሆኖ አይደለም፣ ራሱ ያፍራል። በቀጣዩ እሁድ እዚያ ተሸማቅቄ ተቀምጬ ሳለ እማማ በመተላለፊያው መጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ። ከኮንፈረንሱ በኋላ ሰዉ ሁሉ መዝሙራቸውን ይጠይቅ ጀመር። መሪው ራሱ እኛ ድረስ መጥቶ ለመናቸው። «ይቺ ልጅ ስትመለስ» አሉት።

«እማማ፣ በእኔ ምክንያት አይተዉ» አልኳቸው። ለቅሶዬ እንዳይሰማ አፌን በነጠላዬ ይዤ። «እኔ ያን ሁሉ ያደረግኩት እርስዎን ለመከተል ነው።»

«ለመከተል?» አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ጊታርሽ እየወረደ አልነበር እንዴ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ? ትንሽ ትንሽ፣ ወደ ታች። የት ጥዬሽ ልሂድ? አብሬሽ ወረድኩ እንጂ።»

አንገቱ ሲጎብጥ ክሮቹ እየላሉ፣ ድምፁ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሲሰምጥ ኖሯል። እኔ በፍርሃቴ አልሰማሁትም። ከኪይ ይወጣሉ የተባሉት እማማ ሰምተው፣ ያን ሁሉ እንግዳ ፊት፣ ደረጃ በደረጃ ከእኔ ጋር ወርደዋል።

በእገዳዬ አምስተኛው ወር ላይ እማማ ሁለት እሁድ በተከታታይ ቀሩ። ወንጂ ሄጄ ታመው አልጋ ላይ አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም፤ ስለዚህ ያን ከሰዓት ሳልቸኩል ልንገርሽ። ከፋብሪካው በኩል የሞላሰስ ሽታ ይመጣል፤ በክፍሉ መስኮት የገባው ብርሃን አልጋው ጫፍ ላይ ቆሟል። ድምፃቸው ጠፍቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጆሮዬን አፋቸው አጠገብ አደረግኩ።

«ምነው ፊትሽ? አሁንም ትፈሪያለሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ምኑን?»

«በእኔ ጥፋት ሳይዘምሩ እንዳይቀሩ።»

የሰማሁትን ያልሰማሁ ሞኝ አድርገው ነው ያዩኝ።

«ዘምሬ የለም እንዴ» አሉ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው፣ ብርድ ልብሱን ገልጠው፣ ቦታ ለቀቁልኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የመጨረሻው ሚኒባስ ረዳት «አዳማ! አዳማ!» እያለ ሲጣራ ሰማሁት፣ አልተነሳሁም።