የጾሙ መጥበሻ ሲበላሽ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓቢይ ጾም፣ ገብር ኄር በሚባለው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ነው። እኔ ቁጣ ቶሎ የሚበርድልኝ ሰው ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ከቤቴ አልፌ የምወርድበት ቀን ብዙ ነው። የዚያ ቀን ቁጣ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ስጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብየ ነው የጀመርሁት።

ከዩኒቨርሲቲ በምግብ ሳይንስ ተመርቄ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያለ ሥራ ተቀመጥሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ከአንዲት ጓደኛየ ጋር በጋራ በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ነው። በዚያው ሰሞን ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አዲስ የምግብ አዳራሽ ሊከፈት ነው ተባለ። ቦታውን አውቀዋለሁ። የልብስና የጫማ ሱቆች ነበሩበት፤ ገበያ እየጠፋ አንድ በአንድ ተዘጉ። አሁን በመካከላቸው የነበረው ግድግዳ ሁሉ ፈርሶ አንድ ሰፊ አዳራሽ ወጣው።

ስምንት ባንኮኒዎች ተደረደሩ፤ የፒዛ፣ የበርገር፣ የዶሮ፣ የዓሣ፣ የጾም ምግብ፣ ሌላም ሌላም። ጥግ ላይ ደግሞ ከመስታወት ጀርባ የሚያብረቀርቁ ትልልቅ የብረት ጋኖች ቆሙ። ቢራው ሰው ፊት ይጠመቃል፤ እዚያው ይቀዳል። ከተማው ለማየት ጎረፈ። ሙሽሮች ሳይቀሩ ጋኖቹ ፊት ፎቶ ይነሡ ነበር። ብዙ ሰው ያላወቀው ነገር ቢኖር ከፊት ስምንት ስም ይለጠፍ እንጂ ከኋላ ያለው ኩሽና አንድ መሆኑን ነው።

እኔ የተቀጠርሁት በጥራት ተቆጣጣሪነት ነው። ነጭ ጋዋን ለብሼ የፍሪጁን ቅዝቃዜ፣ የሠራተኛውን እጅ አስተጣጠብ፣ የዘይቱን ሁኔታ እያየሁ እመዘግባለሁ። ማታ ማታ አንድ ቅጽ ሞልቼ እፈርማለሁ። ከቅጹ መስመሮች አንዱ «የጾምና የፍስክ መጥበሻ ተለይቷል» ይላል። ሁለት የመጥበሻ ማሽኖች ነበሩን። በጾሙ ላይ አረንጓዴ፣ በፍስኩ ላይ ቀይ ፕላስተር የለጠፍሁት ራሴ ነኝ። በዚያች ትንሽ ነገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓቢይ ጾም ሲገባ የጾሙ ባንኮኒ ፊት ሰልፍ ሆነ። የምስር ሳምቡሳው ከምድጃ ሳይወርድ ያልቅ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረሰ በሩ አጠገብ ትልቅ ባነር አሰቀሉ፤ «የጾም ምግባችን በባለሙያ የተረጋገጠ ነው» የሚል። ስሜ አልተጻፈበትም። ነገር ግን በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ ባለሙያ የሚባል አልነበረም።

በመፃጉዕ ሳምንት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ አረንጓዴ ፕላስተር ያለበት ማሽን ሽቦ ሽቦ ሸተተና ቆመ። አቶ ደረሰ መጥተው አዩት። «ነገ ጠጋኝ ይመጣል። ለዛሬ በቀዩ ይሠራ» ብለው ሄዱ። በቀዩ ደግሞ ዶሮ ይጠበሳል። ለሕፃናትና ለማይጾሙ ደንበኞች የሚሆን ዶሮ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም።

መጥበሻው ላይ የምትሠራው ዘነቡ ሳምቡሳውን እየጨመረች «ዘይት እንደሆነ ሃይማኖት የለው!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ፊቴን አየችና ሳቋን ተወች። «ምን ላድርግ እኅቴ፤ አዝዘውኝ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ወደ አቶ ደረሰ ቢሮ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር አጥንቼ ነበር። ከአፌ የወጣው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ግማሹ።

«እመቤት» አሉኝ ፈገግ ብለው፣ «ሰው የሚበላው ሳምቡሳ ነው እንጂ ዘይት አይደለም። ደግሞ ስንት ምሩቅ ማመልከቻ ይዞ ደጃፌ ላይ እንደሚቆም አንቺው ታውቂዋለሽ።»

ወረድሁ። ማታ ቅጹ ላይ፣ በዚያ መስመር ፊት ለፊት፣ የልክ ምልክት አድርጌ ፈረምሁ። ነገ ይጠገናል ብየ ነው። ነገም ፈረምሁ። ከነገ ወዲያም ፈረምሁ። ጠጋኙ ሳይመጣ ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። እኔ ግን ከዚያ ቤት መብላት ትቼ ምሳየን ከቤቴ ቋጥሬ እሄድ ነበር። ራሴን ጠብቄ ሌላውን ተውሁት ማለት ነው።

በዚያ ሐሙስ አባቴ መጡ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ጣና ዳር ባለች አንዲት ደብር ድጓ ያስተምራሉ። ዓይናቸው እየደከመ ከፊደሉ በላይ ያሉት የዜማ ምልክቶች ስለጠፉባቸው መነጽር ሊያሠሩ በጀልባ ተሻግረው መምጣታቸው ነው። የቤቴን ቁልፍ ሊቀበሉኝ አሥር ሰዓት ገደማ ወደ አዳራሹ ጎራ አሉ። ከትናንት ማታ ወዲህ እህል አልቀመሱም።

ቁልፉን ሰጥቼ ልሸኛቸው ስል አቶ ደረሰ ነጩን ጥምጥም አዩ። ከወዲያ ማዶ እየተጣደፉ መጥተው ትከሻ ሳሙ።

«የእመቤት አባት ነዎት? ታዲያ ምነው ቆሙ፣ አባታችን! ይቀመጡ፤ ቤቱን ይባርኩልን!»

አባቴ የብረት ጋኖቹን ትክ ብለው አዩ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ቢራ መጥመቂያ ነው። ግን በመስታወት ተከልሏል፤ ወዲህ አይደርስብዎትም።»

«ከምን ይጠመቃል?»

«ከገብስ ነው፣ አባታችን።»

«ገብሱማ ምን በደለ» አሉ አባቴ። በአጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ።

«አባየ፣ ቤት እንሂድ፤ እኔ አዘጋጅልዎታለሁ» አልኋቸው። አቶ ደረሰ ግን እጃቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰዷቸው። አባቴም «ልጄ፣ በእንግድነት የጋበዘን ሰው መግፋት ነውር ነው» ብለው ተቀመጡ። ሽሮ፣ የተጠበሰ ድንችና አራት ሳምቡሳ መጣ። የድርጅቱን ፎቶ የምታነሣው ልጅ ስልኳን አውጥታ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስትል አየኋት። አቶ ደረሰ ቀስ ብለው «ባነሩም ይግባ» አሏት። ያኔ ነገሩ ገባኝ። የአባቴ ጥምጥም ከባነሩ ሥር፣ ከዶሮ ዘይት በወጣው ሳምቡሳ ፊት፣ ለማስታወቂያ ሊወጣ ነው።

አባቴ ታጥበው ቆሙና አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። በየጠረጴዛው ወሬው ጸጥ አለ። ነጠላ የለበሰች አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆቿን ጎሸም አድርጋ አስነሣቻቸው። በእነሱም ፊት ያው ሳምቡሳ ነበር። ጸሎቱ ባያልቅ ብየ ተመኘሁ።

አባቴ ማዕድ ባርከው ለልጅ ቆርሰው ሳይሰጡ አይቀምሱም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቤታችን እንዲህ ነው። ሳምቡሳውን ለሁለት ቆረሱና ግማሹን ወደ እኔ ዘረጉ።

«እንኪ።»

አልተቀበልኋቸውም።

«ምነው? አትጾሚም እንዴ?»

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብየ «አባየ፣ አይብሉት። ዶሮ በሚጠበስበት ዘይት ነው የተጠበሰው» አልኋቸው።

የቆረሱትን ወደ ሳህኑ መለሱ። ጣታቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ። ድምፃቸውን አላነሡም።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

ቀና ብለው አዳራሹን ዞር ዞር እያሉ አዩት። «እነዚህስ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ ለእኔ ብቻ ነው የነገርሽኝ?»

ሳህኑን ከፊታቸው ገፋ አደረግሁት።

«ተነሽና ንገሪያቸው። እኔ አልነግርልሽም» አሉ።

ተነሣሁ። እንዴት እንደተናገርሁት በደንብ አላስታውስም። የጾሙ መጥበሻ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት መሆኑን፣ ሳምቡሳውና ድንቹ ከዶሮ ጋር መጠበሱን፣ እኔም ማወቄን ተናገርሁ። ድምፄ እየተቆራረጠ ነበር። ቢራ ይዞ ከመስታወቱ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሰው «ምነው እኅቴ፣ ትንሽ ቀደም ብትይ! ሦስተኛውን ሳምቡሳ እኮ ዋጥሁት!» ሲል ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ።

አቶ ደረሰ እየሳቁ ወደ መሐል ወጡ። «ይቅርታ ደንበኞቻችን፤ ልጅቷ ሰሞኑን ትንሽ አሟት ነው» አሉ። ከዚያ የእኔን ፋይል አስመጡ። ቅጾቹን እያገላበጡ ለሕዝቡ አሳዩ። «ይኸው! ተለይቷል፤ ተለይቷል፤ ተለይቷል። ፊርማው የማን ነው፣ እመቤት?»

«የእኔ ነው» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰዉ ከእኔ ዓይኑን አነሣ። ለወረቀቱ አደላ። ነጠላ የለበሰችው እናት ግን ማንንም ሳትጠይቅ በባንኮኒው ጎን አልፋ ኩሽና ገባች። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «የሚሠራው አንድ መጥበሻ ብቻ ነው። የዶሮ ቅልጥምና ሳምቡሳ አብሮ እየተጠበሰ ነው» አለች። አቶ ደረሰን የምትሰድብ መስሎኝ ነበር። ወደ እኔ ዞረች።

«ትናንትም መጥተናል፤ ባለፈው እሑድም መጥተናል። አንቺ ይህን ነጭ ልብስሽን ለብሰሽ በአጠገባችን አልፈሻል። ትንሿ ልጄ ዘንድሮ ነው ጾም የጀመረችው። ስንቱን አስገደፍሽ! ዛሬ አባትሽ ባይመጡ ነገም ታበይን ነበር።»

ልጆቿን በየእጇ ይዛ ወጣች። ጥቂት ሰዎች ተከተሏት። የቀሩት ቢራቸውን ቀጠሉ። ጋዋኔን አውልቄ ወንበር ላይ ጥየ ከአባቴ ጋር ወጣሁ። ማንም አልጠራኝም።

የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ሽሮ ሠርቼ አበላኋቸው። በልተው ሲታጠቡ «እኔን ማዳንሽ ደግ ነው። እኔ ግን አንድ ሰው ነኝ» አሉኝ። ጠዋት መነጽራቸውን ይዘው በጀልባ ተመለሱ። እኔም ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ስግደት ታዝዤ ሰገድሁ። ዘመዶቼ ግን «እንጀራሽን በእጅሽ ደፋሽው» እያሉ ሲወቅሱኝ ከረሙ። «ዘይት ምን ችግር አለው፣ እግዜር ልብ ነው የሚያየው» የሚሉኝም አሉ። ልብ የሚያየውማ የእኔንም የአቶ ደረሰንም ያያል። ያች ሕፃን ልጅ ግን ምን እንደምትበላ የመምረጥ መብት ነበራት። ያንን ነው የነጠቅናት።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን አቶ ደረሰ ደወሉ።

«እመቤት፣ እንኳን አደረሰሽ! ማሽኑን አስጠገንነው። ሰዉ እኮ ስላንቺ ነው የሚያወራው፤ ‹ያች እውነት የተናገረችው ልጅ የት ሄደች› ይለናል። ያለፈው አለፈ። ተመለሽ። አሁን ፎቶሽን ባነሩ ላይ እናወጣዋለን። ለፍልሰታ ይደርስልናል።»

በሕይወቴ ታላቄን «አንተ» ብየ አላውቅም። የዚያን ቀን አልሁ።

«አንተ ሰውየ! ጾማቸውን ሸጠህባቸው፣ አሁን ደግሞ እውነቱን ልትሸጥላቸው ነው? ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ!»

ጓደኛየ ልብስ ከምታጥብበት ጓሮ ደንግጣ ገባች። «ማን ነው የጮኸው?» አለችኝ። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

ብዙ ሰው ይህን ስነግረው «ጎሽ፣ አበጀሽ» ይለኛል። እኔ ግን ምስጋናው ያናድደኛል። እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳለኝ ያወቅሁት በዚያ ስልክ ነው። መጥበሻው በተበላሸ ማግስት ቢሮው ውስጥ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ስወርድም ያ ድምፅ እኔው ውስጥ ነበር።