በእሷ ፋንታ የመለስሁት

በጎንደር ከተማ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርሁ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኛል። እኔን የሚስተካከል ማመልከቻ ጸሐፊ በዚህ ከተማ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ዳኞች ጭምር የመሰከሩት ነው። የተወለድሁት አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ የገበሬ ቤት ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት ከጎረቤታችን ዲያቆን ነው፤ የቀረውን፣ ሕጉንም እንግሊዝኛውንም፣ ራሴን በራሴ አስተማርሁ። አንድ ጠበቃ የጻፍሁትን አንብቦ የት ዩኒቨርሲቲ እንደተማርሁ ጠይቆኛል። «ከዚሁ ከአጥሩ ሥር» አልሁት።

የሥራዬን ምስጢር ልናገር። ባለጉዳይ ሲመጣ እንዲያወራ ብዙ ጊዜ አልሰጠውም። ገበሬ በደሉን ሲናገር ከአያቱ ይጀምራል። እኔ ሁለት ቃል ሰምቼ ሦስተኛውን ራሴ እሞላዋለሁ። ጽፌ ሳነብለት «አያ፣ ልቤን ነው የጻፉልኝ» ይላል፤ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል፤ ይሄዳል። አርባ ዓመት እንዲህ ሠራሁ፤ አንድም ሰው «እንዲህ አላልሁም» ብሎ ተመልሶብኝ አያውቅም። ሚስቴንም ዛሬ ላለችበት ያበቃኋት በዚሁ መንገድ ነው።

ሚስቴ ደም ግፊት አለባት ከተባለ ጥቂት ዓመታት ሆኗል። በአንድ ክኒን ተጀመረ። አልወርድ ሲል ሁለተኛ ተጨመረ፣ ከዚያ ሦስተኛ። የሌላው ሰው ግፊት በሁለት ክኒን አደብ ሲገዛ የእሷ አልታዘዝ አለ። እኔም ነገሩን እንደ ሥራዬ ያዝሁት። ፒያሳ ወርጄ የግፊት መለኪያ ገዛሁ፤ አጠቃቀሙን በአንድ ቀን ለመድሁት። ከየመድኃኒቱ ካርቶን የሚወጣውን ቀጭን ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ ተረጎምሁ። ደብተር አሰመርሁ፤ ቀን፣ የላይኛው፣ የታችኛው፣ መድኃኒት፣ ፊርማ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክኒኖቹን በትንሽ ሳህን ደርድሬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። «ተወስዷል» ብዬ እጽፋለሁ። የምፈርመውም እኔ ነበርሁ።

እሷ ተረበኛ ነበረች። አንድ ቀን ለጎረቤት «ዛሬ ማጅራቷን ይዟታል፣ ራሷን እየፈለጣት ነው» ብዬ ሳስረዳ ከጓዳ ሰማችኝ።

«ምነው፣ ራስ ምታቱ የአንቱ ሆነ እንዴ? የታመምሁት እኔ መስሎኝ።»

ጎረቤታችን ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ማስረዳቴን ቀጠልሁ።

ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለቀጠሮ ሄድን። የተቀበለችን ወጣት ዶክተር ናት፤ ልጄ ብትሆን የምታንስ።

«እማማ፣ መድኃኒቱ እንዴት ነው? ያስቸገረዎት ነገር አለ?» ብላ ሚስቴን ጠየቀቻት።

«ምንም የለም። በሰዓቱ ትወስዳለች» አልሁና ደብተሩን ዘረጋሁላት።

ገለጥ ገለጥ አደረገችው። «ጎበዝ ነዎት አባባ። የጠየቅሁት ግን እሳቸውን ነው።»

«እኔና እሷ አንድ ነን።»

«ግፊቱ ግን የአንዳችሁ ብቻ ነው» አለች ፈገግ ብላ።

ወንበሯን ወደ ሚስቴ አስጠጋች። ሁለት መንገድ አለ አለቻት። አንዱ አራተኛ ክኒን መጨመር ነው። ሁለተኛው፣ ከመጨመር በፊት ያሉት ክኒኖች ለኑሮዋ ተስማምተው እንደሆነ ማየት፤ ሰዓት ማዛወር ካስፈለገ ማዛወር፣ የማይመቸውን በሌላ መለወጥ።

«የቱ እንደሚሻል ብቻዬን አልወስንም። ውሎዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ አብረን እንወስን» አለች።

አነጋገሯ አልጣመኝም። ሐኪም ታማሚዋን ምን ይሻላል ብሎ ሲጠይቅ እውቀት ያነሰው መሰለኝ። ሚስቴ የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ አንስታ «እኔስ ልጄ፣ ጠዋቱ…» ብላ ጀመረች። ጉልበቷን በእጄ ጫን አደረግሁት። 

«አራተኛው ይጨመር። ጠንከር ያለውን ስጧት» አልሁ።

ዶክተሯ ሚስቴን ጠበቀቻት። ሚስቴ ወደ መሬት እያየች «እሳቸው እንዳሉ ይሁን» አለች።

በባጃጅ ስንመለስ ምን ልትል እንደነበር ጠየቅኋት።

«ምን ቀረኝ ብለው። አንቱ ጨርሰውት ወጣን።»

በዚያ ቀን ከእሷ የሰማሁት ቀልድ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የቀለደችውን አላስታውስም።

ሁዳዴ ገባ። እኔ እንደ ልማዴ አራቱን ክኒን ጠዋት እየደረደርሁ እሄዳለሁ፤ ማታ ሳህኑ ባዶ ነው። ሰኞና ሐሙስ ስለካት ግን ግፊቷ ከፊተኛውም ብሶ ነበር። ሰውነቷ ገና መድኃኒቱን እስኪለምድ ነው ብዬ ደምድሜ ይህንኑ በደብተሩ ጻፍሁ። በአምስተኛው ሳምንት፣ አርብ ቀን፣ ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ ሰው የመሬት ክርክር እየጻፍሁ ሳለ ሰንበቴ አብረዋት የሚጠጡ ሴቶች በባጃጅ መጡ። ቅዳሴው ሲወጣ ሚስቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወድቃለች። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። ምላሷ ተያዘ።

ሆስፒታል ያገኘችን ያችው ዶክተር ናት። መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ደብተሩን በኩራት አወጣሁ። እሱን ስሰጣት እንኳ አጻጻፌ እንዲታይልኝ ፈልጌ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም። መስመር በመስመር አየችው።

«ይህን ሁሉ እየወሰዱ እዚህ ሊደርስ አይገባም ነበር» አለች፤ ግራ ገብቷት።

በማግስቱ ነጠላ ልወስድላት ቤት ገባሁ። ነጠላዋ ጥጥ ከምታስቀምጥበት ሙዳይ ሥር ታጥፏል። ሙዳዩን ሳነሳው ውስጡ ተንኮሻኮሸ። ከጥጡ በታች በጨርቅ የተቋጠሩ ክኒኖች ነበሩ፤ ነጩም፣ ቢጫውም፣ አዲሱ አራተኛውም። እያንዳንዱን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ የእያንዳንዱን ወረቀት ተርጉሜአለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ክኒን በውሃ ነው የሚዋጠው። ጠዋት ውሃ ቀምሳ ጾም አትገድፍም ነበር። እኔ የጾመኛ ሚስት ባል፣ ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ቋጠሮውን ወስጄ ለዶክተሯ ሰጠኋት።

«መጾማቸውን አልነገሩኝም» አለች።

«አልጠየቅሽንም።»

«እሳቸውንማ ጠይቄ ነበር አባባ።»

ድምፅዋን አላነሳችም። 

ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባታችን ሊጠይቋት መጡ። ጸሎት አድርሰው ኮሪደር ላይ ሲያናግሩኝ «ሐኪሞቹ ሰዓቱን ሳያዛውሩላት ቀሩ?» አሉ።

«የምኑን ሰዓት አባ?»

«የክኒኑን። ለታመመ ተፈቅዷልና ጠዋት ዋጪ ብያት ነበር። አልሆነላትም። ደግሞ አንዱ ክኒን ሽንት እያጣደፋት ቅዳሴ ቆማ ማስቀደስ አልቻለችም። ማታ ብወስደው፣ አንዱንም ቢለውጡልኝ ይሻለኛል፤ ባለቤቴ ሐኪሙን ያነጋግርልኛል አለችኝ። አልነገረችህም?»

ነግራኛለች። ከገና በፊት ነው፤ ጫማዬን ሳስር «ማታ ማታ ብወስደውስ?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጠዋት ነው አልኋትና ወጣሁ። ሁለተኛ አላነሳችውም። ነገሩ ይኸው ነበር። ዶክተሯ ያቀረበችው ሁለተኛው መንገድ፣ ሚስቴ ልትለው የጀመረችው፣ ማታ ወይስ ጠዋት የሚል አንድ ጥያቄ። በእኔ ብዕር ቢሆን ከሁለት መስመር አይበልጥም።

አሁን ቤት ናት። ግራ እጇ ይሠራል፤ ትሰማለች፤ አትናገርም። ክኒኑ ወደ ማታ ተዛውሮ ግፊቷ ልክ ገብቷል። ስለካት የሚወጣው ቁጥር ሸጋ ነው፤ ሳየው ግን ደስ አይለኝም። ለዚህ ቁጥር ስሮጥ የኖርሁት እንድትናገር፣ እንድትስቅብኝ፣ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድ ነበር።

ከወር በፊት ደግሞ ከክኒኖቹ አንዱን እንቢ አለች። ሦስቱን ትውጣለች፤ ያኛው ሲቀርብ ከንፈሯን ትገጥማለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ። መሮሽ ነው? ያምሻል? ልብሴን አርሳለሁ ብለሽ ነው? አዎ ከሆነ እጄን አንድ ጊዜ ጭመቂ አልኋት። በግራ እጇ አልጨመቀችም፤ ግድግዳውን ታያለች። ስለ ሰው ልብ መጻፍ የምችል ሰው የእሷን ማወቅ አቃተኝ። ወደ ዶክተሯ ወሰድኋት። እሷም ረጅም ጊዜ በትዕግሥት ጠይቃት አላገኘችውም። ያለዚያኛው ክኒን ብትቀጥል ሊመጣ የሚችለውን ለሚስቴ እየነገረች «ይቅርብኝ ካሉ እንተወው?» ስትላት እጇን ጨመቀች። ቀረ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማውቅም አይመስለኝም።

ከዚያ አርብ ወዲህ ለማድረግ የቻልሁት ይህ ነው፦

ጠረጴዛዬን ለጊዜው አጥፌአለሁ። ከተማው ያለ እኔ ማመልከቻ እየጻፈ ነው፤ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አይቻለሁ።

እሷን ማንሳት፣ ማዞር፣ ማጠብ ያለ አስተማሪ ተምሬአለሁ። ጀርባዋ አልቆሰለም፤ ነርሶቹ አድንቀዋል።

በደብተሩ መፈረም ትቻለሁ። የማኅተም ቀለሜን ወደ ቤት አምጥቻለሁ፤ ክኒኗን ስትውጥ የግራ እጇን ጣት አስነካለሁ፤ እሷ ታትማለች። ያልዋጠችው ቀን ባዶ ነው።

ሐኪም ቤት ከኋላዋ እቀመጣለሁ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ።

ሰው ሲጠይቃት እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ሰልችቶት ተነሥቶ ሄደ፤ እኔ ጠበቅሁ።

ሰኞ ዕለት እጄን በግራ እጇ አስይዤ ውሃ ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ረጅም ጊዜ ቆየች። አልጨመቀችም። አልሰጠኋትም።