የአክስቴ የቅርጫ ትምህርት

አክስቴ አዳማ ውስጥ ለረጅም ዘመን ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ ወጡ፤ ጥያቄያቸው ግን አልወጣም። በየበዓሉ የቅርጫ መደባችን ግቢያቸው ሲደርስ፣ ከደራ የሚመጣው ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ ቢላዋውን ሞርዶ ሊጀምር ሲል እጃቸውን ያነሳሉ።

"ቆይ! ይህ ምንድን ነው?"

"ጡንቻ!" እንላለን።

"ሥራውስ?"

"እየተኮማተረ ማንቀሳቀስ!"

ቀጥሎ ጨጓራውን ገልብጠው ውስጡን ያሳያሉ፤ "ሸፋኙ ህብረህዋስ ይኸውላችሁ፣ ከጉዳት የሚጠብቅ።" ከሰረሰሩ ነጩን ገመድ መዝዘው "ይህ ነርቭ ነው፣ መልእክት አመላላሹ" ይላሉ። የሚወዱትን ጅማት ግን ለመጨረሻ ያቆዩታል።

"አያያዡን አትናቁ። እሱ ባይኖር ጡንቻና አጥንት መች ይገናኙ ነበር?"

"እትዬ፣ ሥጋው ደረቀ እኮ! ሰው ተርቧል!" እያለ አጎቴ ይነጫነጫል። እሳቸው ይስቃሉ፤ ትምህርቱን ግን አያሳጥሩም።

ዘንድሮ ለፋሲካ ያለ እሳቸው ተሰበሰብን። በርጩማቸው እንደወትሮው በሩ ጎን ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም። አጎቴ ከልካይ ሳይኖረው ቢላዋውን ሞርዶ ጨረሰ። አንድ ብልት አነሳና ሳይቆርጠው በርጩማውን አየ። ሌላ እጁን እንደ እሳቸው አነሳ።

"ቆይ... ይህ ምንድን ነው?"

ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁላችንም "ጡንቻ!" ብለን ጮህን። ከዚያ ጨጓራው፣ ከዚያ ነጩ ገመድ ቀጠለ። ጅማቱ ላይ ስንደርስ ሳቅና እንባችን ተቀላቀለ፤ መልሱን እየተቀባበልን ብዙ ቆየን።

ሥጋው ደረቀ። ማንም አልተነጫነጨም።